«የኔ!» ማለት የፈራ በረኛ

ባለፈው ሰሞን ሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ካለ አንድ ሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ የታዳጊዎች ልምምድ እያየሁ ነበር። ማለዳ ነው፤ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ሜዳው ሳር የሚባል ነገር አያውቅም። ኳሷ በነጠረች ቁጥር አቧራ ይነሳል። ልጆቹ በፕሮጀክት የታቀፉ ናቸው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። እሁድ 1 ለ 0 ተሸንፈዋል፤ ያውም ሊያልቅ ሲል፣ ከማዕዘን በተሻማች ኳስ።

አሰልጣኙ ልጆቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገ። «ያቺን ኳስ እናውራት» አለ። ዝም። አንዱ የታኬታውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ሌላው በጣቱ አፈር ይጭራል። ቆይቶ አንድ ቀጭን ተከላካይ አንገቱን እንደደፋ «ኮች፣ የኔ ሰው ነበር» አለ።

ይሄኔ ማንም ልጁን አላየውም። ሁሉም ዓይኑን የተከለው አሰልጣኙ ፊት ላይ ነው።

«ለምን ለቀቅከው?» አለ አሰልጣኙ። ቁጣ የለበትም፤ የእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው።

«በረኛው ይወጣል ብዬ።»

በረኛው ቀና አለ። «እኔ ‹የኔ› አላልኩም!» ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «ልል ነበር። ፈራሁ።»

ኳሷን አይደለም የፈራው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በሌላ ጨዋታ «የኔ!» ብሎ ወጥቶ ኳሷን ስቷት ጎል ተቆጥሮበታል። ወዲያው ተቀየረ። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እስኪያልቅ ድረስ የሚያናግረው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ላይ መቆም መርጧል። ብልጥ ነው ልጁ። እዚያ ቆሞ ጎል ቢገባበት ማን ይወቅሰዋል? ተከላካዩ ሰው ለቀቀ ነው የሚባለው። ለኔ የእሁዷ ጎል የገባችው ያኔ ነው፤ እሱ ወንበር ላይ ብቻውን የተቀመጠ ዕለት።

እኛ ሀገር ስለ ቡድን መንፈስ ሲወራ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ድሩ እንዴት እንደሚያብር የሚነግርህ የለም። ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ የምናውቀው መድኃኒት ግብዣ ነው። ሀዋሳ ከሆነ ልጆቹ አሞራ ገደል ወርደው አሳ ይበላሉ። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ሳቅ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ማታ ፌስቡክ ላይ «ፍቅር የሆነ ቡድን» ተብሎ ይለጠፋል። በሳምንቱ ግን ያው በረኛ እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። አሳው ምንም ጥፋት የለበትም፤ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ መዋደድን ከመተማመን ጋር አንድ አድርገን ማየታችን ነው።

እስኪ ሮም እንሂድ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተካሄደው ኦሎምፒክ፣ የጀርመን ስምንት ቀዛፊዎች በጀልባ ውድድር ወርቅ ወሰዱ። ስምንት ሰው አንድ ጀልባ ላይ፣ አንድ ምት። አንዱ ቢዘገይ ጀልባዋ ትንገዳገዳለች። ከቀዛፊዎቹ አንዱ ሃንስ ሌንክ ይባላል፤ ኋላ የፍልስፍና ምሁር ሆነ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጽሑፍ በእነዚያ ቀዛፊዎች መካከል ውስጥ ውስጡን መከፋፈልና ጠብ እንደነበረ፣ ውጤቱ ግን አብሮ እንዳልወደቀ አሳየ። ወርቅ ያመጡት ተዋድደው አልነበረም። ከኋላው ያለው ሰው መቅዘፊያውን በሰዓቱ እንደሚያስገባ ግን አንዱም አይጠራጠርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ለይተው ያዩታል። ካናዳዊው አልበርት ካሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 የቡድን አንድነትን የሚለካ 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሲያዘጋጁ ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ በሥራው ላይ አንድ መሆን ነው። ሌላው እንደ ሰው መቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ 46 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ አንድነትና ውጤት አብረው እንደሚሄዱ አገኙ፤ ሁለቱም ዓይነት። ስለዚህ ፍቅር ለቡድን አይረባም እያልኩ አይደለም። ይረባል። ግን ለብቻው በረኛውን ከመስመሩ አያስወጣውም። እግረ መንገዴን፣ በዚያው ጥናት ግንኙነቱ ጠንክሮ የታየው በሴቶች ቡድኖች ላይ ነው። ሀዋሳ በሴቶች እግር ኳስ ስም ያላት ከተማ ሆና ሳለ፣ ስለ ቡድን መንፈስ በሬዲዮ ሲተነተን የሚጠሩት ምሳሌዎች ሁሉ ወንዶች መሆናቸው ይገርመኛል።

እሺ፣ መተማመን ካልን ማን ማንን ነው የሚያምነው? ተጫዋች ተጫዋቹን ወይስ አሰልጣኙን?

ይህን በቁጥር ለማየት የሞከረ ሰው አለ። ከርት ዲርክስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ 30 የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ወስዶ፣ የውድድር ዘመኑ እንደጀመረ ተጫዋቾቹን አሰልጣኛችሁን ምን ያህል ታምናላችሁ፣ እርስ በርሳችሁስ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ውጤታቸውን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ውጤት ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው የተለየ ነው። ተጫዋቾቹ በጓደኞቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ማን እንደሚያሸንፍ ያን ያህል አልተነበየም። በአሰልጣኙ ላይ ያላቸው ግን ተንብዮአል። አሰልጣኙን ከሁሉም በላይ ያመነው ቡድን እስከ ብሔራዊ ሻምፒዮናው ፍጻሜ ደረሰ። መጨረሻ ላይ ያለው ከምድቡ ጨዋታዎች አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ አሸነፈ፤ አሰልጣኙም ተሰናበተ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ድሮም የሚያሸንፍን አሰልጣኝ ማን አያምንም?» ሊል ይችላል። ትክክል ነው፣ ጥናቱም ይህንኑ አግኝቷል። ያለፈ ውጤት እምነትን ያሳድጋል፣ እምነት ደግሞ ቀጣዩን ውጤት። ዙር ነው። ዙሩን አንተ ከየት እንደምትጀምረው ነው ጨዋታው፤ ምክንያቱም ሽንፈት ላይ ያለ አሰልጣኝ «መጀመሪያ ላሸንፍ፣ ከዚያ ያምኑኛል» ብሎ ቢጠብቅ የሚደርስለት የለም።

በአሰልጣኙ ላይ ያለ እምነት ለምን እንዲህ ከበደ? ሜዳ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሬስ ማድረግን ውሰዱ። አጥቂው የተጋጣሚን ተከላካይ ለማጨናነቅ ሮጦ ይወጣል። አማካዮቹ ካልተከተሉት ሩጫው ባዶ ነው፤ ኳሷ በጎኑ ታልፋለች፣ እሱ ትንፋሹን ይጨርሳል። ስለዚህ ከመሮጡ በፊት ሁለት ነገር ያስባል። «ይከተሉኛል?» እና «ባይከተሉኝ ተጠያቂው ማነው?» የመጀመሪያውን ጓደኞቹ ይመልሱለታል። ሁለተኛውን የሚመልሰው አሰልጣኙ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ዳኝነቱን ካላመነ ግማሽ ሩጫ ይሮጣል። ከሩቅ ስታየው የሮጠ ይመስላል። የሱ ጓደኛም ግማሽ ሩጫውን ስላየ ግማሽ ይሮጣል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሪንግልማን ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ለክቶ ነበር። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲጎትት እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ነው የሚያወጣው። ከሚጠፋው ጉልበት ከፊሉ ተቀናጅቶ ያለመጎተት ችግር ነው። ቀሪው በአማርኛችን ጥሩ ስም አለው፤ መለገም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ግን ከሃምሳዎቹ ስንቱ ሎሚውን ኪሱ ከትቶ ባዶ እጁን እንደሚሄድ ተረቱ አይናገርም።

አሠሪን ወይም አለቃን ሰው ለምን ያምናል ብለው ያጠኑ ምሁራን እምነትን ሦስት እግር ይሰጡታል። ሥራውን ያውቃል ወይ? ለኔ ደግ ያስባል ወይ? ቃሉን ይጠብቃል ወይ? እኛ ጋ ስለ አሰልጣኝ ስንከራከር ሁልጊዜ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ላይሰንሱ ምንድነው፣ አሰላለፉ ምን ይመስላል፣ ለምን በሦስት ተከላካይ ገባ። እኔ ካየሁት ግን መልበሻ ክፍል የሚፈርሰው በሦስተኛው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በግራ ተከላካይነት የምጫወትበት ቡድን ነበረኝ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ትልቅ ቡድንም አልነበረም። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ አራት ሳምንት ተኛሁ። አሰልጣኙ ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ፤ እናቴ ቡና አፈላችለት። «ስትድን ቦታህ ቦታህ ነው» አለኝ። ዳንኩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ እኔ ተቀያሪ ውስጥም የለሁም። የተካኝ ልጅ ከኔ የተሻለ ነበር፤ ይህን ዛሬ አምናለሁ። የቆጨኝ ነገሩን ከወረቀት ማንበቤ ነው። ሁለት ደቂቃ ለይቶ ቢያናግረኝ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ስለ ታክቲክ ሲያወራ ጆሮዬ ይሰማል፣ ልቤ ግን የለም። ይባስ ብሎ ነገሩን ያዩ ሌሎች አምስት ስድስት ልጆችም «ቦታህ ቦታህ ነው» የምትለዋን ቃል መቀለጃ አደረጓት። አንዱ ሲጎዳ ከኋላ ይጮኻሉ፤ «አይዞህ፣ ቦታህ ቦታህ ነው!» ሳቅ በሳቅ። አሰልጣኙ ምን እንደሚያስቃቸው እስከ መጨረሻው አልገባውም።

ወደ ትልልቆቹ ክለቦች ስንመጣ ቃል የሚፈርሰው በደመወዝ ነው። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት መሆኑ ይታወቃል። በጀት ይዘገያል፣ ደመወዝ ይዘገያል። ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚል ዜና ያልሰማንበት የውድድር ዘመን አለ ብዬ አላስታውስም። አሰልጣኙ በዚህ መሀል ምን ያደርጋል? ገንዘቡ በእጁ የለም፤ ፊርማውም የሱ አይደለም። ቢሮ ይደውላል፤ «እስከ ዓርብ ይገባል በላቸው» ይባላል። ገብቶ «ዓርብ ይገባል» ይላል። ዓርብ አይገባም።

እዚህች ጋ አንድ ነገር ይታየኛል። «ይገባል» ያለው ቢሮው ነው፤ ውሸታም የሚባለው ግን አሰልጣኙ ነው። ያጠራቀመውን እምነት ለሌላ ሰው ዕዳ ከፈለበት ማለት ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ቅዳሜ አጥቂውን «ሩጥ፣ ይከተሉሃል» ቢለው፣ አጥቂው የሚሰማው የዓርቡን ድምፅ ነው። ብልህ አሰልጣኝ «ቢሮ ዓርብ ብሎኛል፤ እኔ ግን ቃል አልገባም። ዓርብ ካልገባ ከናንተ ጋር ቢሮ እሄዳለሁ» ይላል። ከአለቆቹ ጋር ሊያጣላው ይችላል፤ አንዳንዱም በዚህ ሥራውን አጥቷል። ስለዚህ ሁሉም አሰልጣኝ እንዲህ ያድርግ ብሎ ከሜዳ ዳር ሆኖ መፍረድ ይቀልላል፤ የኔንም እንዲሁ ቁጠሩት።

ሌላም ጫና አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዳሉ። ሀዋሳና አዳማ በተደጋጋሚ ካስተናገዱት መካከል ናቸው። ሰሞኑን አዳማ ከሆነ ክለቦቹ አዳማ ሆቴል ይዘው ይከርማሉ። ሳምንት አይደለም፤ ወራት። አንድ ክፍል ለሁለት፣ አንድ ምግብ ቤት፣ ያው ፊት ጠዋትና ማታ። ቤተሰብ የለም፣ የራስ ደጋፊ የለም። እንዲህ ያለ ኑሮ ያለውን ነገር ያጎላዋል። መተማመን ያለበት ቡድን እዚያ ይበልጥ ይተሳሰራል። የሌለበት ደግሞ በክፍል ቁጥር ይከፋፈላል፤ ነባሮቹ አንድ ጠረጴዛ፣ አዲስ ፈራሚዎቹ ሌላ ጠረጴዛ፣ የአሰልጣኙ «ልጆች» የሚባሉት ሦስተኛ። የቡድን ሁኔታ ማወቅ የፈለገ ጋዜጠኛ ልምምድ ከሚያይ እራት ሲበሉ ቢያይ ይሻለዋል እላለሁ።

የምሥራቹን ወገን ደግሞ እናውራ። የሀዋሳ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ከሁለቱ ጎሎች አንዱን ያገባው የሀዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነው፤ ሁለተኛውን ሳላዲን ሰይድ። ጥር 13 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ቀረን። ሊያርፉ ሲሉ ጎል ገባብን።

ይህን ጨዋታ ሀዋሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነበር ያየሁት። በዕረፍት ላይ ሂሳብ ከፍለው የወጡ ነበሩ። እኔ ትዝ የሚለኝ ከፍጹም ቅጣት ምቱ በኋላ ያለው ነው። ሳላዲን አልተደበቀም፤ ኳስ ይጠይቃል። ጓደኞቹም ይሰጡታል። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተን አጥቂ ወዲያው ኳስ ማቀበል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1 አለቀ። ካፌው የሆነውን መናገር አያስፈልግም። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን የነበረው ቡድን የሚተችበት ብዙ ነገር ነበረው፤ ቡርኪና ፋሶም 4 ለ 0 ረታን። ያን ቀን ግን አሥሩም በሙሉ ሩጫቸው ሮጡ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሆነውም ለጉዳያችን ቅርብ ነው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ሀገር በጭፈራ ላይ ሳለ፣ ቦትስዋና ላይ ቅጣት ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ። ሁለት ቢጫ ነበረበት። ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። «ጥፋቱ የኛ ነው» የሚል ቃል ከቢሮ ሲመጣ እኛ ሀገር ስንት ጊዜ ሰምተናል? ንዴቱ አልቀረም፤ እኔም ተናድጃለሁ። ቡድኑ ግን ሜዳ ላይ አልፈረሰም። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ናይጄሪያ ላይ ቆመ እንጂ።

ኤሚ ኤድመንድሰን የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ የሥራ ቡድኖችን ሲያጠኑ ግራ የገባቸው ነገር ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት መዝግበው ተገኙ። ጎበዞቹ ይበልጥ ይሳሳታሉ ማለት ነው? ነገሩ ሲጣራ ጎበዞቹ ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው። ሌሎቹ ጋ ስህተቱ አለ፤ የሚናገረው ነው የሌለው። እኔ አሁን አንድ ቡድን ሳይ የምጠይቀው ይህን ነው። ከሽንፈት በኋላ «የኔ ሰው ነበር» የሚል ድምፅ ይሰማል ወይስ ሁሉም ዳኛውን ይረግማል?

ወደ ታቦር ልጆች ልመለስ። ያን ቀን አሰልጣኙ ብዙ አላወራም። በረኛውን «በቀየርኩህ ቀን ማናገር ነበረብኝ። አላናገርኩህም» አለው። ልጆቹ ፊት። ከዚያ የማዕዘን ምት ልምምድ ጀመሩ። ሃያ ጊዜ ያህል አሻሙ። በረኛው በእያንዳንዱ እንዲጮህ ታዘዘ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ወጣ አልወጣም። ወደ መጨረሻው ላይ በመንገድ የሚያልፍ የባጃጅ ሾፌር ዞሮ እስኪያይ ድረስ ይጮህ ነበር።

ቅዳሜ ጨዋታቸውን ለማየት ሄድኩ። በሁለተኛው አጋማሽ፣ 1 ለ 1 ሳሉ፣ ከቀኝ በኩል ማዕዘን ተሻማ። «የኔ!» ብሎ ወጣ። ተከላካዩ ለቀቀለት። ኳሷ ከጣቱ ላይ ሾልካ ወደቀች፤ የተጋጣሚ አጥቂ በቅርብ አገባት።

በረኛው ከወደቀበት ሳይነሳ ቀና ብሎ ወደ ወንበሩ አየ። አሰልጣኙ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። በሌላው ወደ መሀል ሜዳ ያመለክታል፤ ቶሎ አስጀምሩ። ወደ ተቀያሪዎቹ አልዞረም።